በዴስ ጀርባ ላይ የተውኩት ፀጉር

ታውንስቪል፣ ሰኞ ጁላይ 16 ቀን 1962

ለወንድሜ ለዴስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን ሳታነበው ምድጃ ውስጥ እንዳትጨምረው አደራ። አንብበህ ስትጨርስ የፈለግከውን አድርገው። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እዋኛለሁ፣ እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ።

የእማዬ ደብዳቤ ቅዳሜ ደረሰኝ። ከማጣሪያው ውድድር ወዲህ መዋኛ ገንዳ አጠገብ አልደርስም ብለህ ስኳር ፋብሪካ መግባትህን ነገረችኝ። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «ወንድምህ ሸሚዙን አውልቆ ሲታጠብ ጀርባው መካከል ላይ አንድ መስመር ፀጉር ቆሞ አየሁ። ማነው የላጨህ፣ ዕውር ነው ወይ ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን ኖኤል ነው አለኝ።»

ዴስ፣ ዕውር አልነበርኩም። አውቄ ነው የተውኩት።

በማጣሪያው ጠዋት እንደ ልማዳችን ከመዋኘታችን በፊት ፀጉራችንን ልንላጭ መታጠቢያ ቤት ገባን። እግርህንና ደረትህን ራስህ ተላጭተህ እጅህ የማይደርስበትን ለእኔ ተውክልኝ። «ቀስ በል፣ በግ መሰልኩህ እንዴ የምትሸልተኝ?» አልከኝ። «ዛሬም ከኋላዬ ሆነህ የእግሬን ጣት ስትቆጥር ትውላለህ» ብለህም ሳቅክ። ሁልጊዜ የምትለው ነው። ያን ቀን ግን ከነከነኝ። ለትልቁ ውድድር በሚሄደው ቡድን ውስጥ የቀረችው አንዲት ቦታ ነበረች፤ እኔ ደግሞ በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ ቀድሜህ አላውቅም። መካከሉን ሁለት ጣት ያህል ዘለልኩት። ሳሙናውን አጥቤልህ «አለቀ፣ እንቁላል መስለሃል» አልኩህ። አንተም አመሰገንከኝ።

ከዚያ በጣት ጫፍ ቀደምኩህ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሴ ጋር ስሟገት ነው የሰነበትኩት። ይህቺ ፀጉር ምን ያህል ውሃ ትይዛለች? እዚህ አብረውኝ የሚሠለጥኑት ልጆች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን ከተላጨህ በኋላ ውሃው ራሱ መንገድ ይለቅልሃል ይላል። ሌላው ደግሞ ሁሉም ነገር ጭንቅላትህ ውስጥ ነው ይላል። እንደዚያ ከሆነማ ፀጉሩ መቅረቱን ስላላወቅክ አልጎዳህም፣ በላቤ ነው ያሸነፍኩህ ማለት ነው። በዚህ ሁለት ቀን ያህል ተጽናናሁ፤ ግን አልያዘልኝም። ምንም አያመጣም ብዬ ባምን ኖሮ ለምን እተወው ነበር?

ዛሬ ጠዋት ለአሰልጣኛችን ለሚስተር ክሮዘር ነገርኩት። ሰውየውን ታውቀዋለህ፤ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ «በሁለት ጣት ፀጉር የተሸነፈ ሰው አላውቅም። ሆን ብሎ የሚያስቀር ሰውም አላውቅም ነበር» አለኝ። ውሳኔውንም ነገረኝ። የቡድኑ ዝርዝር የሚዘጋው ቅዳሜ ስለሆነ ዓርብ ጠዋት ሁለታችንም እዚህ ገንዳ ውስጥ እንገባለን፤ የቀደመ ይሄዳል።

«ወንድሜ ካልመጣስ?» አልኩት።

«ቦታው ያንተ ነዋ፣ እንግዲህ ይመችህ» አለኝ።

እንዴት ብሎ ይመቸኛል? ይህን ደብዳቤ በዛሬው ባቡር ስለምልከው ነገ ይደርስሃል። አንተ የረቡዑን ያዝ። ፋብሪካው ያለ አንተ ሦስት ቀን ቢውል ስኳር አይጠፋም። ከተናደድክ መጥተህ ምታኝ፤ ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ብቻ እንደማልለቅልህ እወቅ፤ ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ ነው የምዋኘው። አንተም እንደዚያው እንድታደርግ ነው የምፈልገው።

ከቤት ከመውጣትህ በፊት ጀርባህን እማዬ ትላጭልህ። እኔን አታስነካኝ። እሷን ሳምልኝ፣ አምላክ በሰላም ያምጣህ።

የእኔን ጀርባ ግን እዚህ ለማንም አልሰጥም። ዓርብ ጠዋት ምላጩን ለአንተ ነው የምሰጠው። የፈለግከውን ያህል ተው፤ መስታወት አላይም።

ወንድምህ ኖኤል