ልጆቻቸውን በክር ሲለኩ የኖሩት የወ/ሮ አገርነሽ ወልደ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ አገርነሽ ወልደ ገብርኤል በጣና ሐይቅ ላይ በምትገኘው በደቅ ደሴት፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ኪዳን ይርጋ ጥቅምት 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ነው። አባታቸው በናርጋ ሥላሴ ዜማ ያስተምሩ ስለነበር፣ ሕፃኗ አፍ ከመፍታቷ በፊት ማዜም ጀምራ ነበር ይባላል። ይህንን የሚሉት ግን ወ/ሮ አገርነሽ ራሳቸው ስለነበሩ፣ እውነትነቱን እዚህ ላይ ማረጋገጥ አልተቻለም።

አሥር ዓመት ሲሞላቸው በጀልባ ተሳፍረው ባሕር ዳር መጡ። አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የመጀመሪያውን ዓመት ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደ ቤት በመሄድ ፈንታ ሐይቁ ዳር ሄደው ወደ ውኃው እያዩ ይቆሙ ነበር። ደቅ ከዚያ ቦታ አትታይም። እንደማትታይም ያውቁ ነበር። አክስታቸው ይፈልጓቸውና በጆሯቸው ይዘው ይመልሷቸዋል፤ በማግስቱ ደግሞ እዚያው ናቸው።

በ1963 ዓ.ም. በከተማው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ተቀጠሩ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠርተው በጡረታ ተገለሉ። ሹራብ መሥራትን የተማሩት እዚያው፣ ከደሴ ከመጣች የሥራ ባልደረባቸው ነው። በምሳ ሰዓት ሌላው ሰው ጥላ ሥር ጋደም ሲል እሳቸው ሁለት መርፌ ይዘው ይቀመጣሉ። ባሕር ዳር ማለት ሰው ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እየተሻገረ የሚውልባት ከተማ ናት። እዚህ አገር ሹራብ ማን ይለብሳል ብሎ ያልጠየቃቸው ሰው የለም። እሳቸውም የማለዳ የሐይቅ ነፋስ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጠይቀው እያሉ ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር።

ጥር 1968 ዓ.ም. የሐይቅ ጀልባ ሞተረኛ ከነበሩት ከአቶ አስናቀ ብዙነህ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። አቶ አስናቀ በሳምንት ሦስት ቀን ውኃ ላይ ያድራሉ። አዲሷ ሙሽራም ለባለቤታቸው የመጀመሪያውን ሹራብ ሠሩላቸው። ልኩን የወሰዱት በዓይናቸው ነበርና አንዱ እጅጌ ከሌላው በአራት ጣት በለጠ። አቶ አስናቀ የረዘመውን እጅጌ እየጠቀለሉ አሥራ አንድ ዓመት ለበሱት። ወ/ሮ አገርነሽ ግን ከዚያ ወዲያ ሰውን በዓይን ለክተው አያውቁም። ክር ቆርጠው ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ ይዘረጋሉ፤ እዚያ ላይ አንድ ቋጠሮ። ደረትን ይዞራሉ፤ እዚያ ላይ ሁለት ቋጠሮ።

ትዳራቸው በሁለት ልጆች ተባረከ፤ አንዳርጋቸው በ1972፣ ሔራን በ1977 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ቤት ዓመቱ የሚቆጠረው በጓሮውና በክሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ጎመንና ድንች ይተከላል፤ በጥቢ አረም ይታረማል፤ በበጋ ልጆቹ ከሐይቁ ዳር በጀሪካን ውኃ እየቀዱ ቃሪያውንና ጤና አዳሙን ያጠጣሉ። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆቹ በዝናቡ ተጠምቀው ሲመለሱ እናታቸው በሩ ላይ ክር ይዘው ይጠብቃሉ። ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ ይለካሉ። የዚያን ዓመት ክር ከአምናው ጎን ይዘረጉና፣ ልጁ ስንት ጣት እንዳደገ ለአባትየው ያሳያሉ። ሹራቡ ለጥር ብርድ ይደርሳል። ማለዳ ሹራብ ለብሶ የሚሄድ፣ ቀትር ላይ ወገቡ ላይ አስሮት የሚመለስ ልጅ ከታየ የአገርነሽ ልጅ ነው። ጓደኞቻቸው “በጎች መጡ” እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ እናታቸው ይህን ሲሰሙ በጎቹን የሚያሳድጉት እሳቸው መሆናቸውን ተናግረው ለሚያሾፉትም ልጆች ኮፍያ ሠሩላቸው። ልጅ አሳዳጊነታቸው እንዲህ ነበር። ሲቆጡ አይጮኹም፤ የጀመሩትን ረድፍ ሳይጨርሱም ቁጣ አይጀምሩም። ያጠፋው ልጅ ረድፉ እስኪያልቅ ፊታቸው ቆሞ ይጠብቃል።

አንዳርጋቸው በ1991 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ኋላም በድሬዳዋ ሥራ ያዙ። አቶ አስናቀ ሐምሌ 1994 ዓ.ም. በሕመም ዐረፉ። ሔራን በ1995 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ እዚያው ሥራ ይዘው ቤተሰብ መሠረቱ። እንዲህ ሲሆን ቤቱ ባዶ ቀረ። ወ/ሮ አገርነሽ ሁለቱን ልጆቻቸውን ሲሸኙ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲመጣ ልካቸውን በክር ወስደው፣ በፖስታ አሽገው፣ በመንገደኛ እንዲልኩላቸው። ልጆቹም ለብዙ ዓመታት ላኩ። እናታቸው ፖስታውን ተቀብለው ክሩን ያወጡና በጣታቸው መሐል ያሳልፉታል። ከዚያ “ከስቷል” ወይም “ተመችቷታል” ይላሉ። ደብዳቤም አብሮ ከመጣ ደብዳቤው የሚነበበው በኋላ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በማኅበር ወደተሠራ ቤት፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ወደምትገኘው ዘንዘልማ ተዛወሩ። ሐይቁ ከዚያ አይሰማም። ግቢው ድንጋይና ጥቁር አፈር ነበር። እሳቸው ድንጋዩን ለቅመው አጥር ሥር ደረደሩ። ለጥር ሥላሴ ደቅ ሄደው ሲመለሱ አንድ የማንጎና አንድ የሎሚ ችግኝ በሰፌድ ታቅፈው፣ በጀልባና በባጃጅ አምጥተው ተከሉ። ማንጎውን አንዳርጋቸው፣ ሎሚውን ሔራን አሏቸው።

ጎረቤታቸው ወ/ሮ ፅጌ ማርያም በ2005 ዓ.ም. አጠገባቸው ስትገባ ይህን አላወቀችም። በየማለዳው ከአጥሩ ወዲያ “አንዳርጋቸው፣ ዘንድሮም ቅጠል ብቻ ሆንህ ቀረህ? እኔ አንተን ስጠብቅ ጥርሴ ረገፈ እኮ” የሚል ድምፅ ትሰማለች። ሥራ ፈት ጎልማሳ ልጅ ቤት ውስጥ ተኝቶ እናቱን የሚያስለቅስ መስሏት አንድ ወር ሙሉ አዘነችላቸው። በመጨረሻ ልትመክረው ዳቦ ይዛ ገባች። ወ/ሮ አገርነሽም እጇን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷትና ከማንጎው ፊት አቁመው “በይ ምከሪልኝ” አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው አጥር በር ወጣለት።

ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የልጆቹ ፖስታ እየሳሳ መጣ። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ሥራ አለ፣ ልጅ ማሳደግ አለ፣ ስልክም አለ። አንዳርጋቸው ከድሬዳዋ እየደወሉ “እማዬ፣ እዚህ ሙቀት ላይ ሹራብ ብለብስ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ልኬ እንደ አምናው ነው” ይላሉ። እናታቸውም “አምናማ ክር አልላክህልኝ፣ በምን ላውቅ ነው? ክሩን ላክልኝ” ብለው ይዘጋሉ። የልጅ ልጆቻቸውን የሲናንና የርሆቦትን ቁመት የሚያውቁት በወሬ ነበር። ሆኖም ሹራቡን አላቋረጡም፤ ባለፈው ክር ልክ ይሠሩና ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሳጥኑ ሞልቶ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ። ቁርስ ሲያቀርቡ ሦስት ስኒ ያወጣሉ፤ ሁለቱን መልሰው ይሰቅላሉ። ፅጌ ማርያም ይህን አይታ እንዳላየች ትሆን ነበር።

ጳጉሜን 2015 ዓ.ም. መንገድ ተዘግቶ ስልክም ይቆራረጥ ነበር። በወ/ሮ አገርነሽ ዓይን ላይ ሞራ ስለወጣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር። በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲያባራ ዱካ አውጥተው ከደጃፋቸው ተቀመጡ። ባጃጅ ሲያልፍ ቀና ይላሉ፤ ካለፈ በኋላ መልሰው ያቀረቅራሉ። በማግስቱም እንዲሁ። ጳጉሜን 6 ቀን ፅጌ ማርያም አላስቻላትም። ቤቷ ገብታ ቀይ ክር ቆረጠች፤ በራሷ ክንድና በራሷ ደረት ለክታ ቋጠረች፤ ፖስታ ውስጥ ከተተችና “እትዬ አገርነሽ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ሔራን ልካልዎት ነው ብሎ ሰጠኝ” አለቻቸው።

ወ/ሮ አገርነሽ ክሩን አውጥተው በጣታቸው መሐል አሳለፉት። ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

“ሔራን እንዴት ናት አለሽ?”

“ደህና ናት፤ ትንሽ ወፈር ብላለች አለ።”

“ትንሽ እንኳ አይደለም” አሉ። ክሩን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ዱካቸውንም ይዘው ገቡ።

ከመስከረም እስከ ጥር ሠሩት። ዓይናቸው ስለማያይ ረድፉን የምትቆጥርላቸው ፅጌ ማርያም ነበረች። በቆጠረች ቁጥር ውሸቷ ይቆጠቁጣታል፤ በተሳሳተች ቁጥር ደግሞ “ስምንተኛ ክፍል የጨረስሁት እኔ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረስሽው አንቺ” እያሉ ይዘልፏታል። በጥር ሥላሴ ዕለት ሹራቡ አለቀ። ጠሯትና “ነይ ልበሺው” አሏት።

“የሔራንን?”

“የሔራን ክንድ ከዚህ አንድ ስንዝር ያጥራል። የወለድኋትን ልጅ አላውቃት መሰለሽ? ደግሞ የእሷ ቋጠሮ ጠበቅ ያለች ናት፤ አንቺ የቋጠርሽው ለአህያ መጫኛ ነው የሚሆነው።”

ፅጌ ማርያም አለቀሰች። ለምን ዝም እንዳሉ ብትጠይቃቸው፣ ያን ዓመት ልኬን ውሰዱልኝ ብሎ ክር የላከ ሰው እሷ ብቻ መሆኗን ነገሯት። “ለልጆቹ አሁን አትንገሪብኝ፤ ያፍራሉ። እኔ ከሄድሁ በኋላ ንገሪያቸው፤ ያኔ አይናደዱብሽም” አሏት። ሹራቡ ልኳ ነበር። እነሆ እንደታዘዘችው ነገረች፤ ይህን ጽሑፍ የጻፈችው እሷው ናትና።

ወ/ሮ አገርነሽ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በልብ ድካም ታመሙ። ሔራን ወዲያው ደረሱ፤ አንዳርጋቸውም ጳጉሜን 1 ቀን ከድሬዳዋ ገቡ። በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ዘነበ። የአርባ አምስት ዓመቱ አንዳርጋቸው ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ግቢው ወጥተው በዝናቡ ቆሙ፤ ሔራንም ተከተሏቸው። ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ አልጋው አጠገብ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። እናታቸው ክር ጠየቁ። ሔራንን ለክተው ራሳቸው ቋጠሩ። ለአንዳርጋቸው ደረት ግን አንድ ክር አልበቃም፤ ሌላ ተቀጠለ። “እንደ አምናው ነው አላልኸኝም ነበር?” አሏቸው። በዚያ ቤት እንደዚያ ቀን ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ሔራን ክር ቆረጡና የእናታቸውን ክንድ ከትከሻ እስከ አንጓ ለኩ። ወ/ሮ አገርነሽ ምን እየተደረገ እንደሆነ ቶሎ አልገባቸውም። በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው የእሳቸውን ልክ የወሰደ ሰው አልነበረም። ሲገባቸው ክንዳቸውን ቀና አድርገው ያዙላቸው፤ ቋጠሮውንም በጣታቸው ዳስሰው “ጠበቅ አድርጊው” አሉ።

ሔራን የእናታቸውን ሹራብ በዚያው ቀን ጀመሩት። ፅጌ ማርያም ረድፍ ቆጠረችላቸው። ደረቱ አልቆ፣ አንዱ እጅጌ አልቆ፣ ሁለተኛው እጅጌ ክርን ላይ ሲደርስ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ ወ/ሮ አገርነሽ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ላያቸው ላይ ያ ያላለቀው ሹራብ ጣል ተደርጎ ነበር።

ወ/ሮ አገርነሽ ወልደ ገብርኤል የሁለት ልጆች እናትና የሁለት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ከተለዩአቸውም መካከል ጓሮ ያሉት ሁለት ዛፎች አይረሱ፤ ማንጎው ዘንድሮ አብቧል።

ዛሬ በቀብራቸው ላይ አንዳርጋቸው ከሳጥኑ ካወጧቸው ሹራቦች አንዱን ለብሰው ቆመዋል። እጅጌው ያጥራል፤ ደረቱ ላይ ተወጥሯል፤ ፀሐዩም እንደምታዩት ነው። እባካችሁ አውልቅ አትበሏቸው።

በሐይቁ ዳር ቆመው የማትታየውን ደቅን ሲጠብቁ ያደጉትን እናታችንን፣ ሥሉስ ቅዱስ ከሚጠባበቋቸው ዘንድ ያድርስልን። ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። የጠበቁትን ሰው የማያጡበት ደጅ ይሁንላቸው። አሜን።