በር ላይ ተለክቶ ጓሮ ስለጸደቀው የሊጥ ማሽን

ለተከበሩ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ፣ የሚነኩት ብረት ሁሉ ብረት ብቻ ሆኖ እንደሚቆይልዎ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በዳቦ ፋብሪካው የማሸጊያ ሠራተኛ ስሆን፣ የሊጥ ማቡኪያውን ታሠራ የነበረችው ሴት ታላቅ እህቴ ናት። ስለተደረገልን አገልግሎት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. አዲሱ ማቡኪያ በተተከለ ሰሞን የመሬት ሽቦውን የሚለካ ባለሙያ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሽቦው የሚቀበረው ከማሽኑ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው ሳይጎዳ ወደ መሬት እንዲወርድ መሆኑን ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበረ፣ ጫማቸው እንዳይጨቀይ ወደ ጓሮ መዝለቁን ትተው በዋናው በር አጠገብ፣ አበባው መሐል የተቀበረውን የድሮ የመሬት ሽቦ ዘንግ ለኩና ውጤቱ እጅግ ጥሩ መሆኑን አበሰሩን። እህቴ «ጌታዬ፣ ማሽኑ እኮ ያለው ከኋላ ነው» ብትላቸው፣ «እመቤት፣ መሬት የትም መሬት ነው» አሏት። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ጭምር።

፪. በጋው ገብቶ ሽቦው የተቀበረበት የጓሮው አፈር ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ ያመለጠውንም ኤሌክትሪክ አልቀበል ሲል፣ ማሽኑ እጅ ነዘር ያደርግ ጀመር። እህቴ ለፈረቃ አለቃችን ብትናገር «ጽሕፈት ቤቱ ያጸደቀውን አንቺ ልትጥዪው ነው?» አላት። ለክቡርነትዎም ደጋግመን አመለከትን። በመልስ ብዛት ስላላጨናነቁን እናመሰግናለን፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንደኛ ዓይነቱ ተራ ሰው ብቻ መሆኑን ያኔ ተረዳን።

፫. አንድ ጠዋት ከጠረጴዛዬ ቀና ስል እህቴ የማቡኪያውን ጠርዝ እንደጨበጠች ደርቃ ቆማለች። ጮኸች ብል በወደድኩ፤ ድምፅ አልነበራትም። አፏ ተከፍቶ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ልይዛት ስሮጥ የፋብሪካው መካኒክ በወገቤ ጎትቶ ጣለኝና ዋናውን ማብሪያ አወረደው። እንኳንም ጣለኝ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ዓይኗን ባየሁ ቁጥር ያልደረስኩላት ይመስለኛል። ነፍሷ ተርፋለች። ቀኝ እጇ ግን አይጨብጥም። የልጇን ጸጉር የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሷ በግራ እጇ ማበጠሪያውን ታቀብለኛለች።

፬. ጅብ ከሄደ በኋላም ቢሆን ስለደረሱልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ያው ባለሙያ በዚህኛው ጊዜ ጓሮ ድረስ ዘለቁ። መሣሪያቸው ያሳየውን ቁጥር ሲያዩ ፊታቸው አመድ ሲመስል በዓይኔ አይቻለሁ። ከቢሮዎ የመጣው ውሳኔ ግን የአደጋው ምክንያት «የሠራተኛዋ እጅ እርጥብ መሆኑ ነው» ይላል። ሊጥ በደረቅ እጅ የሚቦካበት ፋብሪካ ካለ ቢጠቁሙን ሄደን በተማርን ነበር።

ማሽኑ ዛሬም ይሠራል። እዚያው ከሥሩ፣ አፈሩ እንደ ደረቀ፣ ዳግም ተለክቶ እስኪስተካከል ድረስ እንዲያስቆሙልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን በእህቴ እጅ ስላጣበብኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ የማይነዝር ወንበር፣ የማይነዝር ዘመን እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የማቡኪያዋ ሴት ታናሽ እህት

ማሳሰቢያ፦ በእህቴ ቦታ አዲስ ሴት ተቀጥራለች፤ ነፍሰ ጡር ናት። ለጉብኝት ብቅ ካሉ መሣሪያ መሸከም አያስፈልግዎትም፤ ባዶ እጅዎን ማሽኑ ላይ ቢያሳርፉልን ይበቃናል። ከፈሩ ደግሞ ፍርሃትዎ ራሱ የፍተሻ ውጤት ነውና ፈርመው ግድግዳው ላይ ይለጥፉልን።