ጥጓ የተቃጠለ ሥዕል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 9 ሰዓት።
ደብተሬ፣ እግሬ አለቀ። የመጣሁበት ስልጠና ዛሬ ለግማሽ ቀን ነው ተባለና እነዚህ ፈረንጆች ወደ ትልቁ ሙዚየማቸው ነዱን። የግብፁም፣ የቻይናውም፣ የህንዱም ዕቃ እዚህ ነው። አብዛኛው ሥር «ስጦታ» ተብሎ ተጽፏል። ማነው እንዲህ ቸር? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጥበቃው ደግሞ እኔን ብቻ ይከተላል። ሌላው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሲለጥፍ ዝም!

11 ሰዓት።
የኢትዮጵያ ክፍል ገባሁ። ትንሽ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት ሥዕል፤ ማርያም ከነልጇ። ቀኝ ጥጓ ጠቁሯል። የእኛ ናት! ጎፋ፣ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የነበረችው። በጧፍ ያቃጠልኳት እኔው ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ተገርፌባታለሁ። ጠጋ ስል ጥበቃው እጁን ዘርግቶ መለሰኝ። ጽሑፉ አዲስ አበባ ከባለቤቷ ተገዛች ይላል። የቱ ባለቤት? ከቤት ስትጠፋ አባቴ ሞቶ ነበር። እናቴ እንደሆን አንድ ብርጭቆ እንኳ ሸጣ አታውቅም።
ፎቶ አነሳሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ቁርስ ላይ።
ሥዕሏ ስትጠፋ ቤት የነበሩት ሁለት ናቸው። ያሳደገችኝ ሠራተኛችን እታገኝ፣ እና የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ መኩሪያ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለቱንም ብስራተ ገብርኤል ደጃፍ አቁማ ማሉ አለቻቸው። ጋሼ እጁን አንስቶ ወዲያው ማለ። እታገኝ ግን የመልአኩን ስም ጠርቼ አልምልም፣ የንስሐ አባቴ ከልክለውኛል ብላ አለቀሰች። ያልማለችው ሌባ ሆነች። በዚያው ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። እኔም በር ላይ ቆሜ ሌባ አልኳት። አፌን በቆረጠው!

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ጎፋ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት።
ጋሼ ሙዝ ይዞ እንኳን ደህና ገባሽ ሊለኝ መጣ። ሳቀ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀ። ምንም ሳልል ስልኬን ሰጠሁት፣ ፎቶው ላይ ከፍቼ። መነጽሬን ረሳሁ አለ። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው! ይሄ እኮ የትም ቤት የማይጠፋ ሥዕል ነው አለ። የጠቆረውን ጥግ በጣቴ አጎላሁለት። እጁ ተነሳ። «ገብርኤልን፣ እኔ አይደለሁም!» ማን ጠየቀው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 1 ሰዓት።
ከቢሮ አስፈቅጃለሁ። ጋሼ ሁለቴ ደወለ፤ አላነሳሁም። እታገኝ ሀና ማርያም ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። አውቃለሁ፣ ባለፈው ዓመት አይቻታለሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ቦርሳዬን እቅፍ አድርጌ አለፍኳት። ደብተሬ፣ ይሄን ላንተም አልጻፍኩልህም ነበር፤ አፍሬ።
ፎቶውን አሳጥቤ ይዣለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ እሷ ታውቃለች። መሐላ አልጠይቃትም፣ አልምልላትም። እዚያው ጉልቱ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ሌባው እኛው ቤት ቀርቶ ነበር እላታለሁ።