ሞረድ ያልነካው ብረት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለክንዱ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ በጀርመን ብርድ ተሻለህ ወይስ ባሰብህ? ባለቤትህ ርሆቦትስ? ልጃችሁ ዜማስ? እኛ ክብር ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና ደኅና ነን። እናታችን ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ኪዳን አያስታጉሉም።

የላክህልን ብረት ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ምስጋናዬን ሳልጨርስ መናደዴን ልንገርህ። ከሱቁ ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው ብለህ ነበር የላክኸው። ሽርካዬ፣ የእህታችን ባል ቢያዝን፣ ገና ከመጠቅለያው ሲያወጣው ሞረድ ሞከረበት፤ ሞረዱ ሲንሸራተት "ይሄ ነው ወንድ!" ብሎ ብረቱን ሳመው። እዚህ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ያለ ባለ ወርክሾፕ ሁሉ ብረት የሚመርጠው እንዲሁ ነው፤ ሞረድ ካልነካው ጥሩ ነው ይላል። ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም እያልሁ ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ የጮኽሁበት ነገር ነው! አንተም ጀርመን ተቀምጠህ ከዚያ አልወጣህም።

በስልክ እየተቆራረጠ ስላልተግባባን ከሥሩ ላስረዳህ። ጣና ማዶ ላለው የጎርጎራ ሴቶች ማኅበር ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው የዓሣ ማድረቂያ ትሪ ከስቴንለስ ላሜራ ልንሠራ ተዋውለናል። መጀመሪያ በፕሬስ እየተመታ ላሜራውን የሚበሳውን መብሻ ከመኪና ባሌስትራ ሠራነው። ለተራ ላሜራ ይበቃ ነበር። ስቴንለስ ግን በተመታ ቁጥር ራሱ ይጠነክራል፤ በመብሻው ጎን ላይም እየተላከከ ይጣበቃል። መብሻው ዶለዶመ፣ የቀዳዳው ዙሪያ ምላጭ ሆነ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሙሉነሽ መዳፏን ተቆርጣ ትሪዎቹን በጀልባ መለሰችልን፤ "ዓሣውን የምንዘለዝልበት ቢላ አለን፣ ትሪው ባያግዘን ደስ ይለናል" ብላ።

ከዚያ ያንተን ብረት ሞከርን። ቀዳዳው አማረ፤ ቢያዝን ፎከረ። ውሎ ሳያድር ግን መብሻው ከላሜራው ሲወጣ ጫፉ እየተሸረፈ ይረግፍ ጀመር። የአባታችንን ማረሻ ታስታውሳለህ? የዱርቤቴው ቀጥቃጭ ለድንጋያማው ማሳ ሲሆን ውኃ ሲያጠጣው ቀለል ያደርግለት ነበር፤ አለዚያ ከልክ በላይ ጠንክሮ ድንጋይ ሲነካው ይሰበራል። የኛም መብሻ የገጠመው እንደዚያው ነው።

ቢያዝን ትሪው ላይ የረገፈውን ስብርባሪ በማግኔት ለቅመን ጾሙ ሳይገባ እናስረክብ አለ። በዐቢይ ጾም ዓሣ እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃለህ። እኔ እንቢ አልሁ። አንዲት ቅንጣት ብትቀር ከዓሣው ጋር ሰው አፍ ትገባለች። "አንተ ሰውዬ፣ የምትሠራው ለዓሣ ነው ወይስ ለሥጋ ወደሙ?" ብሎ ጮኸብኝ። ሽርክናችን ይብቃ ብሎም ወጣ።

ጎርጎራ ራሴ ሄድሁ። ትሪው ከፋሲካ በፊት እንደማይደርስ ለሙሉነሽ ነገርኋት። ሥራውን ለአዲስ አበባ ሰዎች ትሰጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ዘንድሮም በምንጣፍ ላይ እናደርቃለን አለች። "ከፋሲካ በኋላ የሚያመጡልኝ ትሪ እጄን ከቆረጠኝ ግን፣ ጋሼ፣ በጀልባ አይመለሱም፤ ዋኝተው ነው የሚሄዱት" አለችኝ።

ስለዚህ ለፋሲካ ስትመጣ ከብረት ዱቄት ተጨምቆ የሚሠራውን የመሣሪያ ብረት ይዘህ ና። በውስጡ ያለው ጠንካራ ቅንጣት ደቃቅና እኩል የተበተነ ስለሆነ እንደዚያኛው ቶሎ አይሸረፍም። የማጠንከሪያ ሙቀቱን እዚያው አሰጠው፤ ጥንካሬውንም ከመጨረሻው ልክ ዝቅ ያድርጉት። ጎኑን ወደ ርዝመቱ ያለስልሱት፤ ስቴንለሱ እንዳይላከክበትም ስስ ሽፋን ያልብሱት። የአምራቹ ማረጋገጫ የሌለውን ብረት ወንድሜም ብትሆን አልቀበልህም።

ርሆቦትን በአክብሮት፣ ዜማን ጉንጯን ስመህ ሰላም በልልኝ። እናታችን በጸሎታቸው ስምህን ሳይጠሩ አይውሉም። እህታችን እናትዓለም ናፍቆቷ በርትቶባታል። ቢያዝን ሰላም በልልኝ አላለም። ዛሬ ጠዋት ግን ሳይናገረኝ ገብቶ ፕሬሱን ሲያጸዳ አገኘሁት፤ የአዲሱን መብሻ ልክ ነድፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኛል። ንድፉን እንዳለ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ደግሜ ለካሁት፤ ልክ ነው።

ወንድምህ ወልደ ዮሐንስ
ባሕር ዳር፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.