የሪባኑ ጫፍ

ጥር 9
ዛሬ አሥራ አንድ የሆስፒታል አንሶላ ጠቀምኩ። አጣቢዋ ጓደኛዬ፣ ሬዲዮ የምንላት፣ እንደ ልማዷ አፏ አላረፈም። «አንቺ ሴት፣ መርፌሽ እንኳ ያወራኛል፣ አንቺ ብቻ ዝም!» አለችኝ። ሳቅሁ መሰለኝ... ከስንት ጊዜ በኋላ?

ከሰዓት ሲስተር ወደ ስፌት ክፍል መጣች። ቁስለኞቹን ከመኪና የምትቀበለው እሷ ናት። ክንዳቸው ላይ የሚታሰር ሪባን ፈለገች። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር።

ጥቁር... ከልጄ ዕቃ ጋር የመጣልኝ አለ። ቀበቶው፣ ሰዓቱ፣ ሪባኑ። ለክብሩ፣ ለሐዘን ያሰሩለት መስሎኝ ያመጣውን ወታደር አመሰገንኩት። ልጄ ሁለቱም መዳፎቹ ተመትተው ስለነበር አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍልኝ ሄደ። የሪባኑ ጫፍ እንደ ገመድ ተገምዷል። ላቃናው እልና እጄ እምቢ ይለኛል።

ጥር 10
የሰፋሁትን ይዤ ወደ ግቢው ወረድኩ። መኪና ሙሉ ቁስለኛ መጥቷል። ሲስተር ጎንበስ ትላለች፣ ታያለች፣ ታስራለች።

«ቀዩ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አሁኑኑ ቀዶ ጥገና የሚገባ፣ እማማ።»

«ቢጫው?»

«ትንሽ የሚቆይ። አረንጓዴው በእግሩ የሚሄድ።»

«ጥቁሩስ?»

ቀና ብላ አላየችኝም። «እሱ አይገባም። ብንነካውም አይተርፍም።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ጥር 11
ክብር ነው ብዬ... አመስግኜም ነበር እኮ።

ጥር 14
ሲስተርን ጥቁር ጨርቅ አለቀ አልኳት። ያለው ወንበሬ ላይ ነው። ተቀምጬበት ነው የምሰፋው። በእኔ መቀስ የማንም ልጅ ተትቶ አይቀርም።

ጥር 17
ምን አደረግሁ?

ጠዋት ሦስት መኪና መጣ። ጥቁሩ አለቀባት። ጭንቅላቱን የተመታውን ሳታስርለት ወደ ሌላው ዞረች። ተሸካሚዎቹ ሪባን የሌለው ገና ያልታየ መስሏቸው በጥድፊያ አስገቡት። የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ አለፈ። ቀይ የታሰረለት ወታደር ደግሞ እሱ እስኪወጣ በር ላይ ቆየ። እግሩ ተቆረጠ። «ቀድሞ ቢገባ እግሩ ይተርፍ ነበር» ሲል ሐኪሙን በጆሮዬ ሰማሁት።

እሱም እናት አለችው።

ሄጄ ለሲስተር ተናገርኩ። ስለ ጨርቁም፣ ስለ ልጄም። ትጮህብኛለች ስል ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ጥቁር ማለት ይጣል ማለት አይደለም። ቢላ አይጠቅመውም ማለት ነው። ሰው ግን ይጠቅመዋል፣ አጠገቡ የሚቀመጥ። እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ብቻ ነው።»

«ለኔ ልጅ ማን ተቀመጠለት?»

«አላውቅም» አለች።

ብትዋሸኝ ምን ነበረበት? አልዋሸችም።

ጥር 19
ሃያ ጥቁር ሪባን ሰፍቼ ሰጠኋት። ከዚያ በራሴ እግር ጥቁሮቹ የሚተኙበት ክፍል ገባሁ።

አንድ ሾፌር ተኝቷል። «ፍሬኑ አልያዘም... ፍሬኑ...» ይላል።

«ይዟል ልጄ፣ ቆመናል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይኸው እያየሁት!»

ተረጋጋ። እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል፣ የሚያዝ ቦታ የላቸውም። የሪባኑን ጫፍ ያዝኩ። ሬዲዮ ልትጠራኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ውሃ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ሄደች።

ከምሳ በፊት አለፈ። ልነሳ ስል ጣቴ አልላቀቅ አለኝ። ለካ ሳይታወቀኝ ሪባኑን ስገምደው ነው የቆየሁት። እንደ ገመድ...

ጥር 20
ነጋ ሲል ሣጥኑን ከፈትኩ። የልጄን ሪባን መስኮቱ ጋ ይዤ አየሁት። እኔ ትናንት የገመድኩት ወደ ቀኝ ነው የዞረው። ይሄ ወደ ግራ።

አጠገቡ የተቀመጠው ግራኝ ነበር። ወይ ነበረች።

በአንድ አፍታ ደግሞ እንዲህ አይገመድም። ቆይተዋል... ብዙ ቆይተዋል።

እንዳለ መለስኩት። የሾፌሩ ዕቃ ዛሬ ለእናቱ ይታሸጋል። የሪባኑን ጫፍ እንዳያቃኑባት ቶሎ ሄጄ ልንገራቸው።