መጋረጃ ልሰቅል ሄጄ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት አጋማሽ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

"ደህና ነሽ ወይ?" ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ባለፈው በስልክ "ደህና ነኝ፣ እማ" ስትይ ሰምቼሻለሁ። እንደዚያ ዓይነቱን "ደህና ነኝ" ያስተማርኩሽ እኔው ስለሆንኩ እንዝለለው። እኔ ግን የምሬን ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም አልፌ ተቅበጥብጫለሁ። ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ቁጭ እልና ደግሞ ለምን እንደተቀመጥኩ ይጠፋኛል። በዚህ ዕድሜ!

ደብዳቤ ምን አመጣው ብትይ፣ የጓደኛሽ እህት ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለምትበር ነው። በዚያ ላይ በስልክ ከሆነ ገና "ሃሎ" ስል "ድምፅሽ ምን ሆነ?" እያልሽ ወሬዬን ከመሃል ትበጥሺብኛለሽ። ወረቀት ድምፅ የለውም። ከሁሉም በላይ ግን እጄ ሥራ እንዲያገኝ ነው። ጭምት ፊት ለፊቴ ቆማ ጨርቅ እየቆረጠች ነዋ!

ጭምትን መቼም አትረሺያትም፤ ስንት ዘመን የመጋረጃ ጠርዝ ስታጥፍልኝ የኖረችውን፣ አፏ ስለማይከደን "ጭምት" ያልናትን። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መቀስ ጨብጣለች። ያውም ለጥርስ ሐኪሙ ሳሎን የሚሆነውን ከባድ ቬልቬት። ላላይ ቃል ገብቻለሁ። አንገቴ ትንሽ ዘወር ባለ ቁጥር፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ወደ ወረቀትሽ! ትንፋሽሽ ጨርቁን እያወዛወዘብኝ ነው" ትለኛለች። መቀሴን ለሰው የሰጠሁት አብጄ አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ያንቺን ጥያቄ። "የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ለማስተርስ ተቀብሎኛል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ብለውኛል" አልሽኝ። ደስ ብሎኝ እልል ልል አፌን ስከፍት አስከትለሽ፣ "ልግባ ወይስ ሁሉንም ትቼ ልምጣና ካንቺ ጋር ልሥራ? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ" አልሽኝ። አፌን መልሼ ገጠምኩት። አንቺ ያልሽውን! ሸክምሽን እናትሽ ጭንቅላት ላይ አስቀምጠሽ አንቺ እጅሽን እያወናጨፍሽ ልትሄጂ? በአንድ በኩል ሌላ ሁለት ዓመት እዚያ መቅረት ነው፣ በሌላ በኩል እዚሁ አጠገቤ መሆን ነው። ይህን በአንድ ትንፋሽ የምትመልስ እናት ካለች አሳዩኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። በዚያው ሰሞን ነው ሥራ የመጣው። አንድ ሰውዬ ደውሎ፣ "ከሰዓት ፀሐይዋ ሰሌዳው ላይ እያረፈች ተማሪዎቹ ማየት አልቻሉም፤ ለክፍሉ መጋረጃ እንፈልጋለን" አለኝ። የት ነው ብለው፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው አይለኝም! ሳቄ አመለጠኝ። ሰውዬው የተሳሳተ ቁጥር የደወለ መሰለው። እኔ ደግሞ በልቤ፣ "በቃ፣ ሄጄ አየዋለሁ። ሰው ቤት ሊከራይ ሲል እንኳ ግድግዳውን መታ መታ ያደርግ የለ? ልጄ የምትገባበትን ነገር ምን እንደሆነ ልወቅላት" አልኩ። ያንቺ ትምህርት ቤት ሌላ አገር እንዳለ አልጠፋኝም። ቢሆንም ጣሪያና ግድግዳው ይለይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው ብዬ ነው።

የኔን አሠራር ታውቂዋለሽ፤ ፀሐይ በምትገባበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ካልቆምኩ ሜትር አላወጣም። እዚያ ደግሞ ፀሐይዋ የምትገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ሥራ ውለው የሚመጡት የሚማሩበት ሰዓት። ስለዚህ መሰላሌን ይዤ ከኋላ ገባሁ። ሰው ሁሉ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሏል። አንዱ ከዴስኩ ሥር ዳቦ እየቆነጠረ ይጎርሳል። ጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት የተቀበረበት ወፍራም ባለጋራዥ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ያዛጋል። ደክሟቸዋል፣ ግን አንዳቸውም አልሄዱም። መምህርቷ ቀጭን ናት፤ ስታወራ እጇ አያርፍም፣ እንደኔው።

ሜትሬን ከመስኮቱ አናት ላይ እንዳደረግሁ መምህርቷ፣ "እስቲ እያንዳንዳችሁ ለምን እዚህ እንደተቀመጣችሁ ንገሩኝ" አለች። ጆሮዬን ብታዪው! ያንቺ ጥያቄ እኮ ነው።

ባንክ የሚሠራው ልጅ፣ "አለቃዬ ዲግሪ አለው፣ እኔ የለኝም" አለ።

መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ፣ "ባለቤቴ 'አይሆንልሽም' ስላለኝ" አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ባለጋራዡ ተራው ሲደርስ፣ "እኔ ቤት ከገባሁ ልጆቼ የቤት ሥራ ሥራልን ይሉኛል። እዚህ ቢያንስ የምሠራው የራሴን ነው" አለ።

አንዲት ደግሞ ሽክ ያለች ልጅ ነበረች። "ጓደኞቼ ሁሉ ስለገቡ" አለች። መምህርቷ፣ "እነሱ ቢወጡስ?" አለቻት። ልጅቷ ፀጉሯን ማስተካከል ያዘች። እኔ ከላይ ሆኜ አንቺን አየሁባት፤ አትቀየሚኝ።

ከዚያ ምን ትለኛለች መሰለሽ፣ "እርስዎስ እናት፣ ከላይ ያሉት?"

"እኔማ ለመጋረጃ ነው የመጣሁት!" አልኳት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስሄድ ግን የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

በማግስቱ ተመለስኩ። ለምን ትያለሽ? "ዛሬ ደመና ነበር፣ ልኬቱ እርግጠኛ አይደለም" አልኩ። ደመና አልነበረም። ከዚያ ለዘንጉ፣ ከዚያ ለቀለበቱ፣ ከዚያ ግድግዳው ይበሳ እንደሆነ ለማየት... የአንድ ትልቅ ቪላ መስኮት ሁሉ ረፋድ ላይ ለክቼ የምጨርሰው ሴትዮ፣ ያን ክፍል ስለካ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ባለጋራዡ፣ "እማማ፣ ይሄ መስኮት እያደገ ነው እንዴ?" አለኝ።

አንድ ቀን መምህርቷ፣ "ድርጅት ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ የሚያልፍ ከሆነ፣ ያ ብርታቱ ነው ወይስ ድካሙ?" ብላ ጠየቀች። አፍ ዳገት አይፈራም፤ ማንም ሳይጠራኝ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ፣ "ብርታት ነው እንጂ! እኔ ቤት ያለ እኔ አንድ ክንድ ጨርቅ አይቆረጥም!" አልኩ። ደረቴን ነፍቼ።

ባለመድኃኒት ቤቷ ዞር አለች። "ጉንፋን ሲይዝዎትስ?"

"ደንበኛ ይጠብቃል።"

"እጅዎን ቢያምዎትስ?"

"ይጠብቃላ!"

"ልጅ ሊጠይቁ ቢሄዱስ?"

ከመሰላሉ ወረድኩ። ለምን ወረድሽ እንዳትይኝ። ስንት ጊዜ "እማ፣ አንድ ወር ነይልኝ" ብለሽኛል? ስንት ጊዜ "ማን ይቆርጥልኛል?" ብዬሻለሁ? መምህርቷ ነገሩን እያብራራች ነበር፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ በላዬ አለፈ። ግን ልጄ፣ ተሳስቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም! እኛ ሰፈር ሰው ሲሳሳት ያፍራል፤ እዚያ ግን ሲሳሳት ወሬው ይደምቃል። አንዱ የኔን ስህተት ይዞ ሌላ ነገር አለ፣ ሌላው እሱን ተቃወመ፤ የኔ አንድ ክንድ ጨርቅ የክፍሉ ሁሉ ጨዋታ ሆነ።

እዚህ ላይ ተነስቼ ነበር። ጭምት "ተቀመጪ!" አለችኝና ተቀመጥኩ።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ መጋረጃውን የቆረጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሐሳቤ ክፍሉ ውስጥ፣ መቀሴ ጨርቁ ላይ። ወስጄ ስሰቅለው ከታች ስንዝር አጠረ። እኔ! ጭምት ከታች ቆማ አሻቅባ አየችና፣ "መጋረጃ ነው ወይስ ጉልበት ላይ የቀረ ቀሚስ?" አለች። ከታቹ በሌላ ቀለም ጨርቅ ቀጥለን መለስነው። ያ ያዘዘኝ ሰውዬ መጥቶ አገላብጦ አየና፣ "አሁን የወጣ ፋሽን ነው?" ብሎ ጠየቀ። "አዎ" አልኩት።

መጋረጃው ተሰቀለ፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ የሚያስገባኝ ሰበብ አለቀ። ያን ቀን መሰላሌን ተሸክሜ ኮሪደሩን ስሄድ እግሬ ወደ መውጫው አልሄድ አለኝ። ሬጅስትራሩ መስኮት ጋ ቆመ። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ፣ "የማታው ዲግሪ ነው? ለልጅዎ ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ፤ አፌ ለምዶበት።

"ሙሉ ስሟን ይንገሩኝ።"

የወጣው የራሴ ስም ነው። ጻፈችው።

"የትውልድ ዘመን?" ነገርኳት። ብዕሯ ቆመ፤ ቀና አለች። "እናት፣ ይሄ የልጅዎ ነው?"

"የኔ ነው። ደግመሽ ልታስነግሪኝ ነው እንዴ?"

ሁለታችንም ሳቅን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴን ከሣጥኑ ሥር አውጥቼ በማግስቱ አመጣሁላት። ተመዝግቤያለሁ፣ ልጄ! እናትሽ የማታ ተማሪ ሆናለች! ሰኞ እጀምራለሁ። ጭምት ስትሰማ "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ሰምቻለሁ፤ እናት በልጇ እግር ስትማር ግን ያየሁት ባንቺ ነው" ብላ መንደሩን አዳረሰችው። መቀሱን የሰጠኋትም ለዚሁ ነው፤ ሁለት እጅ ካልቆረጠ እኔ ከዚህ ጠረጴዛ አልነቀልም።

ለምን ልማር እንዳልኩ ታውቂያለሽ? የነዚያን ሰዎች ምክንያት ሁሉ በየተራ ለብሼ አየሁት፤ አንዱም በልኬ አልተሰፋም። አለቃ የለኝም፤ እድገት የሚሰጠኝ የለም፤ "አይሆንልሽም" የሚለኝም የለም። ብቻ ከዚያ ክፍል ስወጣ እግሬ ይቸኩላል፣ የት ለመድረስ እንደሆነ ግን አያውቅም። እስቲ ልከተለው አልኩ። ምክንያቴ ይኸው ነው። ላያልቅልኝም ይችላል፤ ሒሳቡ ከወዲሁ ያስፈራራኛል። ቢሆንም የኔ ነው።

አሁን ያንቺን ላንሳ። በስልክ ያልሽኝን ሁሉ አስቤ አስቤ ቃል በቃል አስታወስኩት። ለመግባት፣ "ሥራ ቦታዬ ከፍ ያደርጉኛል፣ ጓደኞቼም ገብተዋል" አልሽ። ለመምጣት ደግሞ፣ "አባዬ ካረፈ ወዲህ ብቻሽን ነሽ፣ እጅሽም እየደከመ ነው" አልሽ። እዚህም እዚያም ሰው ሞልቷል፤ አንቺ ግን የለሽም። አንድም ቦታ "እኔ እፈልጋለሁ" የሚል ቃል የለም።

ስለዚህ እኔ ከሚዛንሽ ላይ ወርጃለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፤ ማታ ማታ ክፍል አለኝ፣ ከሚነዘንዘኝ ባለጋራዥ ጋር። እጄ ቢደክም ሌላ እጅ አለ። "ለእማ ስል" የሚለው ተሰርዟል፤ እንዳትደግሚው። እሱ ሲወጣ ምን ቀረሽ? የቀረሽን እዪው። ጨርቅ ናፍቆሽ፣ ይህን ሥራ ወደሽ ከሆነ የምትመጪው፣ በሩ ያንቺ ነው። እዚያ ክፍል ስትቀመጪ ደግሞ እግርሽ የሚቸኩል ከሆነ ግቢ። እኔን ሳታዪ ግቢ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በጓደኛ ወሬ የተገባበትም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ግን ምስክርነት አይደለም። ልጅ ሆነሽ ጠርዝ እጠፊ ስልሽ ትጠፊ ነበር። ሳይሽ ግን መደርደሪያው ጋ ቆመሽ፣ ገዢ ሲገባ መጀመሪያ ሰማያዊው እንዲታየው ጨርቆቹን ታዟዙሪ ነበር። በቃ፣ አልተናገርኩም።

ጭምት ቆርጣ ጨረሰች። ሜትር ዘርግታ ለካች፣ ደግማ ለካች፤ አሁን ዝም ብላ ቆማ ታየኛለች። ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። ቀጥ ብሏል። ቀጥ ብሎልሻል፣ ልጄ! ተነስቼ ሳምኳት። ቀጣዩን ራሷ ትቁረጥ፣ እኔ እጽፋለሁ።

መልሱን የምትሰጪው ለእነሱ ነው፣ ለኔ አይደለም። ለኔ ደውዪልኝ ብቻ። ማታ ካላነሳሁ ክፍል ውስጥ ነኝ። ቢሆንም ስልኬን እጄ ላይ ነው የምይዘው፤ አንቺ ከሆንሽ መምህርቷ ፊት አቋርጬ እወጣለሁ፣ ምን ታደርገኛለች?

የረገጥሽው ሁሉ ይመችሽ። የያዝሽው ይለምልምልሽ። ሰው ፊት ስትቆሚ ቃልሽ አይጥፋብሽ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ደግሞ ልብሽ አይክዳሽ። የኔን ዕድሜ ለአንቺ ብዬ እመርቅሽ ነበር፤ ግን አሁን ለትምህርቱ ስለሚያስፈልገኝ ግማሹን ውሰጂ።

እወድሻለሁ፣
መጋረጃ ሰፊዋ እናትሽ

ረስቼው፦ ክፍልሽን የጥናት ክፍል አድርጌዋለሁ፤ ጠረጴዛና መብራት አስገብቻለሁ። አልጋሽን ግን አላነሳሁትም። ከባድ ነው፣ ማን ያግዘኛል? አንሶላውን በየሳምንቱ የምቀይረው አቧራ ስለሚይዝ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።