ሁሉም ያልተጠየቀበት አውጫጭ

ሰኞ

በስብሰባ ፊት ስም ጠራሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሰርቨር ላይ ጠፍቷል፤ የኮምፒዩተሩን ሥራ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ዳይሬክተሩ ማን እንዳጠፋው ፈልግ ብሎኝ ነበር። ማን ምን እንደነካ ማሽኑ ራሱ የሚመዘግብበትን ሎግ የምትፈትሽ ስክሪፕት፣ ትንሽ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። አንድ ስም አወጣች፦ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ጥሩወርቅ። የውጤቱን ፋይል መጨረሻ የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ዓርብ የስንብት ደብዳቤ ይሰጣቸው ተባለ።

እትዬ ተነሥተው፣ «እኔ ስከፍተው ባዶ ነበር» አሉ። «በኛ አገር ጥፋተኛ ለማውጣት አውጫጭ ሲቀመጥ ሁሉም ይጠየቃል፤ የጠራውም ጭምር። አንተ የጠየቅኸው እኔን ብቻ ነው።»

ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ

ንግግራቸው አላስተኛኝም። እውነትም ስክሪፕቷ የምታየው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ሰርቨሩ ግን ሎጉን ከፋፍሎ ነው የሚያስቀምጠው፦ የአሁኑ፣ የቆየው፣ ማሽኑ በራሱ የሚሠራቸው ሥራዎች። ሁሉንም በየተራ እንድታነብ ላሰፋት ተቀመጥኩ። መብራት ሄደ። ከጓሳ ተራራ የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቴን አደነዘዘው። መብራቱ መጣ፤ ደግሞ ሄደ።

እትዬ በበሩ ሲያልፉ ጠረጴዛው ሥር አጎነበስኩ፣ ኬብል የምፈልግ መስዬ።

ረቡዕ

ሠራች። ምነው ባልሠራች።

ውጤቱ የጠፋው እትዬ ከመክፈታቸው በፊት ነው። ከጎኑ ያለው ስም የኔ ነው። ከወራት በፊት ዲስኩ ሞላ ብዬ አሮጌ ፋይል በራሱ የሚያጸዳ ትእዛዝ ሰጥቼው ነበር፤ የትኛውን እንደሚያጸዳ ሳላጣራ። ረስቼው ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

የባሰው ይኸውላችሁ፦ ስሜ ያለባትን የሎግ መስመር ለመሰረዝ እጄ ተዘረጋ። ማንም አያውቅም ነበር። ማሽኑን ዘግቼ ወጣሁ። አፈርኩ፤ እጅግ አፈርኩ።

ሐሙስ

ልናገር ብዬ ደጋግሜ የዳይሬክተሩ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። እትዬ መሳቢያቸውን ባዶ አደረጉ። ለብርድ የሚደርቧትን የበግ ጠጉር ባና ከወንበራቸው ላይ አጣጥፈው ይዘው ሄዱ። ቆሜ አየሁ። ፈሪ።

ዓርብ

እትዬ በተጠሩበት ስብሰባ ላይ ደብዳቤው ሳይነበብ ተነሣሁ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ቀደደው፤ የኔን ጉዳይ ሰኞ እናየዋለን አለ።

ይቅርታ ልለምን የእትዬ ጉልበት ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። «በሰው ፊት አዋረድከኝ፤ በሰው ፊት መለስከው። ሌላውን እግዜር ያውቃል» ብቻ አሉ።

ከሰዓት ባናዋን ደርበው መጡ። እሳቸው ከመምህራኑ ወረቀት ውጤቱን እያነበቡ፣ እኔ መልሼ ሳስገባ ዋልን። አንድ ባስገባሁ ቁጥር አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ያያሉ። አያምኑኝም። እውነት አላቸው።